የበሉትና ያቃጠሉት

ብሩክ፦ እትዬ አስካለ፣ አንድ ጎልማሳ ከምግብ የሚያገኘው ኃይልና ሰውነቱ የሚያወጣው ኃይል መመጣጠናቸውን ለማወቅ ከየት ይጀመራል?

እትዬ አስካለ፦ ከመለኪያው ይጀመራል። የምግብ ኃይል የሚለካው በኪሎካሎሪ ነው። አንድ ኪሎካሎሪ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው፤ በኪሎጁል 4.184 ይሆናል። ሰው በዘልማድ «ካሎሪ» የሚለው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የገባው፣ የወጣውና በሰውነት ውስጥ የተከማቸው። ኃይል ከባዶ አይፈጠርም፣ ጠፍቶም አይቀርም። ስለዚህ ገቢው ከወጪው ከበለጠ ትርፉ በአብዛኛው ስብ ሆኖ ይከማቻል፤ ካነሰ ጎዶሎው ከክምችቱ ይሞላል። ከሦስቱ ሁለቱ በትክክል ከተለኩ ሦስተኛው በስሌት ይገኛል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው የተበላውን ለመቁጠር ነው፤ ቀላል ስለሚመስል። ከሦስቱ ለመለካት በጣም የሚያስቸግረው ግን እሱ ነው።

ብሩክ፦ በዓይን የሚታይ ምግብ ምኑ ያስቸግራል? ከዚያ በፊት ግን በምግብ ውስጥ ያለው ኃይል እንዴት እንደታወቀ ይንገሩኝ።

እትዬ አስካለ፦ ምግቡን በማቃጠል ነው። ደርቆ የተፈጨ ምግብ ኦክስጅን በተሞላ ዝግ የብረት ዕቃ ውስጥ እንዲነድ ይደረጋል። ዕቃው ውሃ ውስጥ ስለተቀመጠ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ አይቶ የምግቡን ኃይል ማወቅ ይቻላል። ሰውነት ግን ሁሉንም አሟጦ አይጠቀምም። ከፊሉ ሳይፈጭ በዓይነ ምድር ይወጣል፤ የፕሮቲኑ ናይትሮጅን ደግሞ ዩሪያ ሆኖ ገና ያልተነካ ኃይል ይዞ በሽንት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ቀንሶ ለሰውነት የሚደርሰውን ያሰላው አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር ነው። የሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በኮኔቲከት ግዛት በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ነበር። በእሱ ስሌት አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎካሎሪ ይሰጣል፤ አልኮል 7 ነው። የታሸገ ምግብ ላይ የሚታተመው ቁጥር ዛሬም በዚሁ ወይም ከዚሁ በተሻሻለ ስሌት የሚገኝ ነው።

አማካይ መሆኑ ግን አይረሳ። እንደ ለውዝ ያለ ጠንካራ ምግብ በደንብ ካልታኘከ ቅባቱ ከነሽፋኑ ስለሚወጣ ከተሰላው ያነሰ ይሰጣል። ለአገራችን ምግቦች ደግሞ የራሳችን ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ጉናር ኦግሬንና ሮዛሊንድ ጊብሰን ለኢትዮጵያ ያዘጋጁት የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ የወጣው በ1968 ነው፤ ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ውጭ አገር ባለው ማኅበረሰብ ዘንድ እንጀራ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በሚጋገርበት ቤት የጤፍ እንጀራን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ብሩክ፦ ሰንጠረዡ ካለ የቀረው መመዘን ብቻ ነው ማለት ነው።

እትዬ አስካለ፦ እስቲ አንድ ምሳ ውሰድ። መዛኟ ምግቡ ሳይጣድ ትደርሳለች። ሽንኩርቱ ተልጦ ይመዘናል፤ የዘይቱ ጠርሙስ ከመቀዳቱ በፊትና በኋላ ይመዘናል፤ ሽሮውም እንዲሁ። ባዶው ድስት ይመዘናል፤ ወጡ ሲበስል ድስቱ ከነወጡ ይመዘናል። ሲበስል የተነነው ውሃ ክብደቱን ስለሚቀንሰው፣ የገባው ጥሬ ሁሉ ኃይሉ ተደምሮ ለወጡ ክብደት ይካፈላል፤ በዚህ መንገድ የአንድ ግራም ወጥ ኃይል ይገኛል። እንጀራው ለብቻ ይመዘናል፤ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ፣ ውፍረቱም ከምጣድ ምጣድ ስለሚለያይ በቁጥር ብቻ አይመዘገብም። ምግቡ ተበልቶ ሲያበቃ ትሪው ላይ የቀረው ይመዘናል።

ይህ ሁሉ ድካም የሚነግርህ ትሪው ላይ የነበረው ስንት እንደተበላ ነው። አምስት ሰው ከዚያ ትሪ ቢበላ ማን ስንት እንደበላ ግን አይነግርህም። አንዱ ከዳር እንጀራውን ያነሳል፣ ሌላው ከመሀል ወጡን ያበዛል፣ እናት በመሀል ታጎርሳለች። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሳህን ቢሰጥ ልኬቱ ይስተካከላል፤ አበላሉ ግን እንደወትሮው መሆኑ ይቀራል። ሰው እየተመዘነበት ሲበላ ይሰቀቃል፤ ያሳንሳል፣ ይመርጣል፣ ለመመዝገብ የሚያስቸግረውን ምግብ ይተወዋል። ልኬቱ የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል ማለት ነው፤ እኔ ከችግሮቹ ሁሉ የማከብደው ይህንን ነው።

ብሩክ፦ ለዚህ ነዋ በብዙ ጥናቶች «ትናንት ምን በሉ?» እየተባለ የሚጠየቀው።

እትዬ አስካለ፦ አዎ፣ የ24 ሰዓት ትውስታ ይባላል። ጠያቂዋ አንድ ጊዜ ጠይቃ አትነሳም። መጀመሪያ ተጠያቂው የመጣለትን ሁሉ ሳይቋረጥ ይዘረዝራል። ቀጥሎ የሚረሱት ይጠየቃሉ፦ ቡና ላይ የተቃመ ቆሎ፣ ሻይ፣ ጠላ፣ ወጥ ስትሠራ የተቀመሰው። ከዚያ ሰዓቱና ቦታው፣ ከዚያ በጭልፋ፣ በኩባያ ወይም በፎቶግራፍ እያሳዩ መጠኑ፣ በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች እንደገና ይነበብለታል። ትንሽ የሚመስለው ነገር ሲደመር ብዙ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ በሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጠጡ 24 ግራም ስኳር ገባ፤ 96 ኪሎካሎሪ ነው። ዘይት ይብሳል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎካሎሪ ይጠጋል። በዓይን ልኬት ድስት ውስጥ የተንቆረቆረውን ዘይት ደግሞ ያንቆረቆረችው ራሷ በማንኪያ ቆጥራ አትነግርህም፤ ሌላ ሰው የሠራውን የበላውማ ከየት ያውቀዋል?

የሚጠየቀው ቀንም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንድ ሰው ከቀን ወደ ቀን የሚበላው በ20 በመቶና ከዚያም በላይ ይለዋወጣል። እኛ ዘንድ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም አለ፣ ረመዳን አለ፤ የፋሲካ ማግስት የተጠየቀና በሕማማት የተጠየቀ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ የተጠየቀ ሰው ስለ ራሱ ልማድ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ብሩክ፦ ገቢው እንዲህ ከሆነ ወጪው የባሰ አይሆንም? ሰውነት ያቃጠለው ነገር በዓይን አይታይም።

እትዬ አስካለ፦ አይታይም፤ ግን ዱካ ይተዋል። መጀመሪያ ወጪው ምን ምን እንደሆነ እወቅ። ብዙ በማይንቀሳቀስ ሰው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚወጣው ተኝቶም ቢውል ለመኖር ብቻ ነው፤ ልብ ለመምታት፣ አንጎል ለመሥራት፣ ሙቀት ለመጠበቅ። ወደ 10 በመቶ የሚሆነው የተበላውን ለመፍጨትና ለማዋሐድ ይሄዳል። የቀረው እንቅስቃሴ ነው፤ ከሰው ሰው እጅግ የሚለያየውም ይኸው ነው።

ፍለጋው የጀመረው በሚዛን ነው። ሳንቶሪዮ የሚባል የፓዶቫ ሐኪም ከሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጦ ለ30 ዓመት ያህል የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ የሚያስወጣውንና የራሱን ክብደት ሲመዝን ኖረ። በ1614 ባሳተመው መጽሐፉ ከገባው ክብደት የሚበዛው ሳይታይ እንደሚተን አስፍሯል። ምን እንደሆነ ግን አልገባውም ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚዬ ከላፕላስ ጋር በ1780ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ የቀለጠውን ውሃና የወጣውን ትንፋሽ ካነጻጸረ በኋላ መተንፈስ ቀስ ያለ መቃጠል መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚህ ወዲህ ትንፋሽ የወጪው ዋና ምስክር ሆነ።

ለሰው ያዋለው ያው አትዋተር ነው። ከፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ሮሳ ጋር ሆኖ ሰው የሚገባበት ዝግ ክፍል ሠራ፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር ያለው፣ ምግብ በትንሽ መስኮት የሚቀበሉበት። በግድግዳው ውስጥ የሚዞር ውሃ ሰውየው ያወጣውን ሙቀት ይሰበስባል፤ የሚወጣውም አየር ይመረመራል። ሰው እዚያ ውስጥ ቀናት ይቆይ ነበር። ከምግቡ የተሰላው ኃይልና ከሰውነቱ የወጣው ሙቀት በአማካይ ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት ገጠሙ። ገቢና ወጪ በእርግጥ እንደሚመጣጠኑ በሰው ላይ የታየው ያኔ ነው።

ብሩክ፦ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተዘጋ ሰው ግን እርሻ አያርስም፣ ገበያ አይወጣም።

እትዬ አስካለ፦ ትክክል ነህ፤ የክፍሉ ጉድለትም ይኸው ነው። ለዚህ ነው ትንፋሽን ይዞ መዞር የተፈለገው። እንግሊዛዊው ክላውድ ዳግላስ በ1911 ጀርባ ላይ የሚታዘል ከረጢት አወጣ፤ ሰውየው እየሠራ የሚተነፍሰው እዚያ ይጠራቀማል። ዛሬ ጭምብል ወይም ፊት ላይ የሚደፋ ግልጽ ክዳን ያላቸው መሣሪያዎች አሉ። የተሳበው ኦክስጅንና የወጣው ካርቦንዳይኦክሳይድ ከታወቁ ጄ. ቢ. ዊር በ1949 ያወጣው ቀመር ይበቃል፦ እያንዳንዱ ሊትር ኦክስጅን በ3.941፣ እያንዳንዱ ሊትር ካርቦንዳይኦክሳይድ በ1.106 ይባዛና ይደመራል። አንድ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ 0.25 ሊትር ኦክስጅን ወስዶ 0.20 ሊትር ካርቦንዳይኦክሳይድ ቢያወጣ ወጪው በደቂቃ 1.2 ኪሎካሎሪ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ቢውል 1740 ገደማ ይሆናል።

ጭምብል ለብሶ ግን ሁለት ሳምንት የሚኖር የለም። ያንን የፈታው ውሃ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ናታን ሊፍሰን በ1940ዎቹ መጨረሻ በትንፋሽ ካርቦንዳይኦክሳይድ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከሰውነት ውሃ ኦክስጅን ጋር እንደሚለዋወጥ አሳየ። ከዚህ አንድ ዘዴ ተወለደ። ለሰውየው ሃይድሮጅኑም ኦክስጅኑም ከተለመደው ከበድ ያለ ውሃ ይሰጠዋል፤ ሃይድሮጅኑ ዲዩቴሪየም፣ ኦክስጅኑ ኦክስጅን 18 ይባላል። ሁለቱም በተፈጥሮ በትንሽ መጠን ያሉ ናቸው፤ ጨረር የላቸውም። ከባዱ ሃይድሮጅን ከሰውነት የሚወጣው በውሃ ብቻ ነው፤ በሽንት፣ በላብ፣ በእንፋሎት። ከባዱ ኦክስጅን ግን በውሃም በካርቦንዳይኦክሳይድም ይወጣል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል፤ ለምሳሌ ሃይድሮጅኑ በቀን 10 በመቶ ሲቀንስ ኦክስጅኑ 12 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የወጣውን ካርቦንዳይኦክሳይድ ይነግራል፤ እሱ ደግሞ የተቃጠለውን ኃይል።

ብሩክ፦ ተሳታፊው ምን ያደርጋል?

እትዬ አስካለ፦ ማለዳ ምግብ ሳይቀምስ ይመጣል። ይመዘናል፣ ሽንቱን ይሰጣል፣ ከዚያ ውሃውን ይጠጣል፤ ጣዕሙ ከተራ ውሃ አይለይም። ጠብታ እንዳትቀር ብርጭቆው በጥቂት ውሃ ታጥቦ ያም ይጠጣል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ውሃው በመላ ሰውነቱ ሲሠራጭ እንደገና ሽንት ይሰጣል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይተኛል፣ እንደወትሮው ይበላል። አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የመጨረሻዎቹን ናሙናዎች ይሰጣል። የሚጠየቀው ይኸው ነው። ዋናው ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ሊያሳምረው ወይም ሊያሳንሰው የሚችለው ነገር የለም።

ሊፍሰን ዘዴውን በአይጥ ላይ ያሳየው በ1955 ነው። ለሰው የዋለው ግን በ1982 ነው፤ በዴል ሾለር እጅ። ኦክስጅን 18 ውድ ስለነበር፣ በትንሽ መጠን የሚረካ መለኪያ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። ከዝግ ክፍል ልኬት ጋር ሲተያይ ስሕተቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ብሩክ፦ ታዲያ ይህ የታወቀ ወጪ ሰዎች በላን ካሉት ጋር ሲነጻጸር ምን ተገኘ?

እትዬ አስካለ፦ መጀመሪያ ሁሉን ያስደነገጠው በ1986 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ነው። አንድሩ ፕሬንቲስና ባልደረቦቹ 13 ቀጫጭንና 9 ወፋፍራም ሴቶችን ለኩ። ቀጫጭኖቹ የመዘገቡት ምግብና ያወጡት ኃይል ይቀራረባል። ወፋፍራሞቹ ግን በቀን 1600 ኪሎካሎሪ ገደማ በላን ብለው ሲመዘግቡ ያወጡት 2440 ገደማ ሆነ። እስከዚያ ድረስ «ወፍራም ሰው ጥቂት በልቶም ይወፍራል፤ ሰውነቱ ቆጣቢ ነው» ይባል ነበር። ሲለካ ወጪያቸው ከቀጫጭኖቹ በልጦ ተገኘ። በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ምግብ ቀንሰንም ክብደት አልቀነስንም ያሉ ሰዎች ሲለኩ ደግሞ የበሉትን በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን በ51 በመቶ አብዝተው ተናግረው ተገኙ።

ብሩክ፦ እና ወፍራም ሰው ይዋሻል ልንል ነው?

እትዬ አስካለ፦ እንዲያ ማለት ነውርም ስሕተትም ነው። በአሜሪካ 484 ጎልማሶች የተሳተፉበትና በ2003 የታተመው ጥናት የሁሉንም አሳይቷል፦ በ24 ሰዓት ትውስታ ወንዶቹ ከ12 እስከ 14 በመቶ፣ ሴቶቹ ከ16 እስከ 20 በመቶ አሳነሱ። «በወር ስንት ጊዜ ይበላሉ?» በሚለው ረጅም መጠይቅ ደግሞ ጉድለቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ጋምቢያ ውስጥ፣ የእርሻ ሥራ በሚበረታበት ወቅት ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚውሉ የገጠር ሴቶች በዚሁ ውሃ ተለክተው በ1989 ታትሟል፤ ያወጡት ኃይል ቀደም ሲል ከተመዘገበው ምግባቸው እጅግ በልጦ ተገኘ። እነሱ ወፋፍራም አልነበሩም፤ መዝገቡን የያዘውም ተመራማሪ ነበር። እዚያ የጎደለው ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ማሳ ላይ የተበላ፣ በመንገድ የተቀመሰ፣ ከጎረቤት የቀረበ።

የኢትዮጵያን ገጠር ስታስብ ይህን አስታውስ። ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት ሥራው ግን ይበረታል፤ ክብደት ከመኸር በፊት ይቀንሳል፣ ከመኸር በኋላ ይመለሳል። በዚያ ወቅት ጉድለቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከምግብ ጥያቄ የተገኘ ጉድለት ምን ያህሉ ረኀብ፣ ምን ያህሉ መዘንጋት እንደሆነ ክብደት ሳይመዘን አይታወቅም።

ብሩክ፦ ያን ውሃ የሌለው ተመራማሪ የማይታመን መልስን በምን ይለያል?

እትዬ አስካለ፦ በንጽጽር ነው። ጌል ጎልድበርግና ባልደረቦቿ በ1991 ያቀረቡት መንገድ አለ። የተነገረው ገቢ ለዕረፍት ወጪ ይካፈላል። የዕረፍት ወጪ በጭምብል ካልተለካ በቀመር ይገመታል፤ ከ30 እስከ 60 ዓመት ላለች ሴት ክብደቷ በ8.126 ተባዝቶ 845.6 ይጨመርበታል። ሴትዮዋ 55 ኪሎ ብትሆን 1290 ገደማ ይመጣል። «በቀን 1350 ኪሎካሎሪ በላሁ» ካለች ውጤቱ 1.05 ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው እንኳ ጠቅላላ ወጪው የዕረፍት ወጪውን ከ1.40 እስከ 1.69 ጊዜ ያህል ነው፤ በጉልበት ሥራ የሚተዳደር ከ2 ያልፋል። ክብደቷ ካልተለወጠ 1.05 የዘወትር አበላሏ ሊሆን አይችልም፤ ጎልድበርግ ያስቀመጠችው ዝቅተኛ ወሰን 1.35 ነው። ይህ ማጣሪያ ግን ግማሽ ዕውር ነው። ወጪው 2.1 የሆነ ገበሬ 1.5 በላሁ ቢል ሳይያዝ ያልፋል።

ብሩክ፦ በእጄ ያለው ሰዓት በየቀኑ ያቃጠልኩትን ይነግረኛል። እሱን ብንወስድስ?

እትዬ አስካለ፦ እርምጃህን ይቁጠርልህ፤ ካሎሪውን ግን አትመነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን ሲፈትን የልብ ምትን በደህና ለክተዋል፤ በኃይል ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ 27 በመቶ ያህል ተሳስቷል። በቀን 2500 ኪሎካሎሪ ለሚያወጣ ሰው ይህ ከአንድ ሙሉ ምሳ በላይ ነው። እንቅስቃሴ የበዛለት ሰው ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል ብሎ መገመትም አያዋጣም። ኸርማን ፖንትዘር ታንዛኒያ ውስጥ እያደኑና ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን የሐድዛ ሰዎች በውሃው ዘዴ ለክቶ በ2012 አሳትሟል። ከከተማ ሰው እጅግ የበለጠ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሰውነት መጠን ከተስተካከለ በኋላ ግን ጠቅላላ ወጪያቸው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰዎች አልተለየም። ሰውነት ለእንቅስቃሴ ያወጣውን ከሌላ ቦታ ቆጥቦ ያካክሳል የሚለው የእሱ ማብራሪያ ገና ክርክር አለበት፤ ልኬቱ ግን ተለክቷል።

ብሩክ፦ እንግዲህ ወጪው በትክክል ይታወቃል፣ ገቢው ግን አይታመንም። ታዲያ ገቢውን ማን ይንገረን?

እትዬ አስካለ፦ ወጪውና ክምችቱ ናቸው የሚነግሩን። ባለሱቅ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ መደርደሪያውን ከቆጠረ፣ የሸጠውንም ካወቀ፣ ስንት ዕቃ እንደገባ ደረሰኝ ሳያይ ይደርስበታል። እዚህም ወጪው በውሃው ይለካል፤ ክምችቱ ደግሞ ዴክሳ በሚባለው ዝቅተኛ የኤክስሬይ መሣሪያ በመጀመሪያና በመጨረሻ ይለካል። አንድ ግራም የሰውነት ስብ 9.5፣ ስብ ያልሆነው አንድ ግራም ደግሞ 1 ኪሎካሎሪ ገደማ ይቆጠራል። ሰውዬው በ28 ቀን አንድ ኪሎ ስብ ቢቀንስ 9500 ኪሎካሎሪ ከክምችቱ ወጣ፤ በቀን 340 ገደማ ማለት ነው። በቀን ያወጣው 2500 ከሆነ የበላው 2160 ነው። አንድም ጥያቄ አልተጠየቀም።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት ትልቁ ካሌሪ የሚባለው የአሜሪካ ጥናት ነው። 218 ወፍራም ያልሆኑ ጎልማሶች ተሳትፈውበት፣ ከፊሎቹ ለሁለት ዓመት ምግባቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ ተደረገ። በልኬቱ የተገኘው ቅናሽ ግን 12 በመቶ ገደማ ነበር። ምክርና ክትትል ሳይለያቸው ነው እንግዲህ።

ድክመቱ ጊዜ ነው። ዴክሳ ስቡን በግማሽ ኪሎ ቢስት፣ በ28 ቀን ሲካፈል በየቀኑ 170 ኪሎካሎሪ ስሕተት ይሆናል፤ በስድስት ወር ሲካፈል ግን 26 ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ዘዴ «ዛሬ ምን በላ?» ለሚለው አይመልስም። ያን መመለስ የሚቻለው ሰውን ሆስፒታል አስገብቶ እያንዳንዱን ሳህን ሲመዝኑ ነው። ኬቨን ሆል አሜሪካ ቤተስዳ ውስጥ 20 ጎልማሶችን እንዲህ አድርጎ፣ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ሲቀርብላቸው ካልተቀነባበረው ይልቅ በቀን 500 ኪሎካሎሪ ያህል አብዝተው እንደሚበሉ በ2019 አሳይቷል። እያንዳንዱ ዓይነት ምግብ የቀረበው ለሁለት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሆኖም ልዩነቱ ሊካድ አይችልም።

ብሩክ፦ እንዲህ በጥንቃቄ ከተለካ ገቢና ወጪ በየቀኑ ይገጥማሉ?

እትዬ አስካለ፦ በየቀኑ አይገጥሙም። ኦቶ ኤድሆልምና ባልደረቦቹ 12 የእንግሊዝ ወታደራዊ ሠልጣኞችን ለሁለት ሳምንት ተከታትለው በ1955 እንደጻፉት፣ በአንድ ቀን የተበላውና በዚያው ቀን የወጣው ግንኙነት አልነበራቸውም። የሁለቱ ሳምንት አማካይ ሲወሰድ ግን ተቀራረቡ። ብዙ የሠራ ሰው የሚያካክሰው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ትርፍም ሆነ ጉድለት ምንም አይነግርም።

ክብደት የሚጨምረው ልዩነት ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ ዓይን ያነሰ ነው። አንድ ኪሎ የስብ ሥጋ፣ ንጹሕ ስብ ስላልሆነ፣ ወደ 7700 ኪሎካሎሪ ይይዛል። በዓመት አንድ ኪሎ የጨመረ ሰው ትርፉ በቀን 21 ኪሎካሎሪ ነው፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር አይሞላም። ይህን በምግብ መዝገብ አገኛለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ሒሳቡንም እስከ አሥር ዓመት መጎተት አይቻልም፤ ሰውነት ሲከብድ ወጪውም ስለሚጨምር ትርፉ እየጠበበ ይሄዳል። ሆልና ባልደረቦቹ በ2011 እንዳሰሉት በቀን 24 ኪሎካሎሪ በቋሚነት የጨመረ ሰው መጨረሻው አንድ ኪሎ ገደማ መጨመር ነው፤ ግማሹ በአንድ ዓመት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሦስት ዓመት ይደርሳል።

ብሩክ፦ በመጨረሻ፣ ሁለት መቶ ጎልማሶችን የሚያጠና፣ ውሃውንም ዴክሳውንም የማያገኝ ተማሪ ምን ያድርግ?

እትዬ አስካለ፦ ሰዎቹን በጥሩ ሚዛን ይመዝን፤ ማለዳ፣ በቀላል ልብስ፣ በጥናቱ መጀመሪያና ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ። የ24 ሰዓት ትውስታ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ባልተከታተሉ ቀናት ይጠይቅ፤ የጾም ቀንና የፍስክ ቀን በሕዝቡ ልማድ መጠን ይካተቱ፤ ቀኑ የምን ቀን እንደነበረም ይመዝገብ። ለዘይትና ለስኳር የቤቱን ማንኪያና ጠርሙስ ራሱን አስመጥቶ ይለካ። የዕረፍት ወጪውን በቀመር ገምቶ ጥምርታውን ያውጣ፤ ከወሰን በታች የሆኑትን ግን አይሰርዛቸው። ከሰረዛቸው የሚቀሩት ሌላ ዓይነት ሰዎች ይሆናሉ። ከነእነሱም ያለ እነሱም አስልቶ ሁለቱንም ያሳይ።

ውጤቱን ሲጽፍ፣ ማን ከምን ምግብ አብዝቶ እንደሚበላ፣ ከጠቅላላው ኃይል ስንት እጁ ከቅባት እንደመጣ፣ የጾም ወቅት ምን እንደሚለውጥ መናገር ይችላል። የተነገረውን ገቢ ከተገመተው ወጪ ቀንሶ «ተሳታፊዎቹ በቀን ይህን ያህል ይጎድላቸዋል» ብሎ ግን አይጻፍ። ጉድለት አለ የሚለው ክብደታቸው በጥናቱ ጊዜ ከቀነሰ ብቻ ነው፤ መጠኑንም ከቀነሰው ክብደት ያስላው።